ፖሊስ መረጃውን ይስጥ፣ ፍርዱን ለፍርድ ቤት ይተው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በድሬዳዋ ወንጀል ሲፈጸም ወሬው ከከዚራ ተነሥቶ ሳቢያንና ገንደ ቆሬ እስኪደርስ ጥቂት ደቂቃዎች ይበቁታል፤ የፖሊስ መግለጫ ከዘገየም ክፍተቱን አሉባልታ ይሞላዋል። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ፕሬስ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድል እንዲኖረው ደንግጓል፤ በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት አለው ይላል። ስለዚህ ፖሊስ ድርጊቱን፣ ቦታውንና ሰዓቱን፣ ምርመራው የደረሰበትንም ደረጃ ፈጥኖ ቢያስታውቅ እደግፋለሁ፤ ተጠርጣሪን ካሜራ ፊት አቁሞ «ወንጀለኛው ተያዘ» ማሰኘት ግን፣ ሰውየው በኋላ በነፃ ቢሰናበት እንኳ፣ በሰፈሩ ቀና ብሎ እንዳይሄድ ያደርገዋል። ጥቃት የደረሰባቸው ሕፃናትና ሴቶች ማንነትማ ጨርሶ ሊነሣ አይገባም።

መግለጫው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ በአንድ ጊዜ ይውጣ፤ አንዱ ጎረቤት በትክክል የሰማውን ሌላው ተጣምሞ ሊሰማው አይገባም። ለጋዜጠኞችም በማታና በበዓል ቀን ጭምር ስልክ የሚያነሣ፣ መረጃውን ለጊዜው መስጠት በማይችልበት ጊዜም ምክንያቱን የሚያስረዳ ኃላፊ ይመደብላቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከድሬዳዋ