አባባ፣ ዕቅዱ በእርስዎ ቃል ይጻፍ

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ ሁላችን፣ ልጆቹም ጭምር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብዕር ያነሣሁት ጉዳዩ በስልክ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ነው። በስልክ ሳነሣብዎ «እኔ ደህና ነኝ፣ ለእናንተ ነው የማስበው» ብለው ወሬውን ወደ ልጆቹ ትምህርት ያዞሩታል። የተጻፈ ነገር ግን ደጋግመው ያነባሉ፤ የተማሪን ድርሰት ሁለት ጊዜ ሳያነቡ ማርክ የማይሰጡ መምህር ነበሩ።

እማዬ ካረፈች ወዲህ እህትና ወንድም በተገናኘን ቁጥር የምናነሣው ባይፖላር የተባለው፣ አንዴ የሚያሞቅ አንዴ ዝም የሚያሰኝ የአእምሮ ሕመምዎ ቢመለስ ማን ምን እንደሚያደርግ ነው። እሷ በሕይወት ሳለች ይህ ጥያቄ አልነበረም። የትኛው ኪኒን በጠዋት፣ የትኛው በማታ እንደሚወሰድ፣ ካርድዎ የት እንደሚቀመጥ፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ ታሪክዎን የሚያውቀው የትኛው ነርስ እንደሆነ፣ መቼ ዝም ብሎ ማዳመጥ፣ መቼ ደግሞ ሰው መጥራት እንደሚገባ ሁሉም በእሷ ልብ ነበር። አሁን በማንም ልብ የለም። ታላቅ ወንድሜ «አዲስ አበባ መጥተው ከእኔ ጋር ይኑሩ» ይላል። አጎቴ ደግሞ «ምድረ ከብድ ገዳም ሄዶ ጸበል እየተጠመቀ ይቀመጥ» ይላል። ሁለቱም ከፍቅር ነው የሚናገሩት፤ ሁለቱም ግን እርስዎን አልጠየቁም። እኔ የምለምንዎ፣ ዛሬ ደህና ሆነው ሳሉ፣ ሲታመሙ ምን እንዲደረግልዎና ምን እንዳይደረግብዎ እንደሚፈልጉ እርስዎ ራስዎ እንዲወስኑ ነው። እኛ እንጽፈዋለን፤ ቀኑ ሲመጣም በተጻፈው እንታዘዛለን።

አዲስ አበባ መምጣቱን በበኩሌ አልደግፈውም። እርስዎ መጀመሪያ በታመሙ ጊዜ የነበረው መንገድ አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ አንድ ሆስፒታል ለብዙ ዘመን የመላ አገሪቱን የአእምሮ ሕሙማን ብቻውን ተሸክሞ ኖሯል። እማዬ እርስዎን ይዛ ሌሊት ተነሥታ የምትጓዘው ወደዚያ ነበር። በኋላ ቡታጅራ ላይ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ያሉበት ክሊኒክ ተከፈተ፤ ያም ቀለል አለ። ከዚያም የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ ለማምጣት የተጀመረው ፕራይም የተባለው የምርምር ሥራ የእኛን፣ ቡኢ ያለችበትን ሶዶ ወረዳ ከሕንድ፣ ከኔፓል፣ ከደቡብ አፍሪካና ከዩጋንዳ አካባቢዎች ጋር መርጦ፣ የጤና ጣቢያ ነርሶችና የጤና መኮንኖች በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሠልጥነው የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ አደረገ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ሲሄዱ የታመመውን ለይተው ወደ ጤና ጣቢያ መላክን፣ ያቋረጠውን ደግሞ መጠየቅን ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው የቡታጅራ አካባቢ ጥናት፣ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ኖሮባቸው ሕክምናቸውን በሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች የተከታተሉ ሰዎች፣ በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከታከሙት የባሰ እንዳልገጠማቸው አሳይቷል። ታዲያ ሕክምናው በእግር በሚደረስበት ቡኢ እያለ፣ ዕድርዎ፣ ማኅበርዎ፣ ያስተማሯቸው ልጆች ሁሉ እዚያው እያሉ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ማንም በማያውቅዎት ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ምን ዓይነት መጦር ነው? ይህ የእኔ ሐሳብ ነው። የእርስዎ የተለየ ከሆነ የእርስዎ ይጻፍ።

ስለ ጸበሉም እንደዚሁ። ጸበሉን ማንም አይከለክልዎትም። እኔን የሚያስፈራኝ ኪኒኑ ይቁም የሚል ሰው ሲመጣ ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በመጣበት ጊዜ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በአደባባይ እንደተናገሩ ያስታውሳሉ። ከንስሐ አባትዎ ጋር ሆነው «ጸበል ስሄድ መድኃኒቴ ከእኔ ጋር ይሄዳል» የሚል አንድ መስመር ቢያስጽፉ ከአጎቴ ጋር የምንጨቃጨቅበት ምክንያት አይኖርም። የጾም ወራት የጠዋቱ ኪኒን በስንት ሰዓት እንደሚወሰድም ከእሳቸውና ከነርሱ ጋር ተነጋግረው አብረው ይቁረጡት።

የሕመሙን ምልክቶች ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔ ከልጅነቴ ያየሁትን ብቻ ልጻፍ፤ እርስዎ ያርሙት። መጀመሪያ የሚሄደው እንቅልፍ ነው። ሌሊት ተነሥተው ግቢውን ይጠርጋሉ፤ ለወረዳው ስለ ድልድይ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ያለዎትን ሁሉ ለሰው መስጠት ያምርዎታል። ብዙውን ጊዜ ደግሞ በወርኃ ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት ሳምንታት ማኅሌቱን ቆመው ሲያድሩ፣ የተጓደለው እንቅልፍ ሕመሙን ይቀሰቅሰዋል። እንቅልፍ ማጣት በባይፖላር ለሚታመም ሰው ከዋና ዋናዎቹ ቀስቃሾች አንዱ እንደሆነ ሐኪሞቹም ይናገራሉ። ማኅሌት ይተዉ አልልም፤ ያን ማለት ከእርስዎ ላይ ግማሽ ሕይወትዎን መውሰድ ነው። ነገር ግን በየትኛው ሳምንት እንደሚቆሙ፣ በየትኛው ተኝተው አድረው ለቅዳሴ ብቻ እንደሚሄዱ አስቀድመው ቢመርጡ፣ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ እንደጠፋ ደግሞ መሪጌታው «ዛሬ ወደ ቤትዎ» እንዲሉዎት ፈቃድ ቢሰጧቸውስ? ከእኛ አፍ ሲሰሙት ቁጣ ይሆናል፤ ከእሳቸው አፍ ግን ይቀበሉታል።

እኛ ልጆች የምንፈራው ይህን የሞቀውን ጊዜ ነበር። እማዬ የምትፈራው ግን ዝምታውን ነበር። ጺምዎን መላጨት ሲተዉ፣ ቡና ሲጠሩ ሳይመጡ ከጓሮ ተቀምጠው ሲውሉ፣ እሷ የእህሉን የነቀዝ መድኃኒት ጎረቤት ቤት ታስቀምጥ ነበር። ምክንያቱን ለእርስዎ ነግራዎት ይሆን? እኔ ግን በግልጽ እጠይቅዎታለሁ፤ እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲመጣብዎ ለማን መናገር ይቀልዎታል? የዚያ ሰው ስም ከሌላው ሁሉ በፊት ይጻፍ። በዝምታው ወራት ያ የነቀዝ መድኃኒት ከቤት እንዲወጣም ይፍቀዱልን።

እርጅና ደግሞ የራሱን ነገር ጨምሯል። አሁን የሚወስዱት ካርባማዜፒን በደም ውስጥ ያለውን ጨው ሊቀንስ ይችላል። ለደም ግፊት የተሰጠዎ፣ ሽንት የሚያበዛው ኪኒንም እንደዚሁ። ሁለቱ በአንድነት በዕድሜ የገፋን ሰው ሊያደናግሩት፣ ሊያንገዳግዱት፣ ሊጥሉት ይችላሉ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ሽማግሌን በአንድ ቀን ሊያስቀባዥረው ይችላል። እርስዎ ድንገት ቀኑን ቢያሳስቱ፣ እኛን ባይለዩን፣ ሰው ሁሉ «ያ ሕመም ተነሣበት» ብሎ እንደሚያልፈው አልጠራጠርም። ስለዚህ «ድንገት ከተደናገርኩ አስቀድማችሁ ደሜንና ሽንቴን አስመርምሩ» የሚል ቃል በዕቅዱ ውስጥ እንዲኖር አጥብቄ እለምንዎታለሁ። የግፊቱን ኪኒን የሚሰጥዎ ሐኪምም የሌላውን መድኃኒት ስም ይወቅ፤ እስኪጠይቅ ድረስ ሳይጠብቁ ሁለቱንም ይዘው ይሂዱ። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሲያልቅበት ከግል ፋርማሲ ለመግዛት እኔ በየወሩ ገንዘብ አስቀምጣለሁ፤ በመድኃኒት እጥረት ምክንያት አንድ ቀን እንኳ እንዲቋረጥ አልፈልግም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ጎረቤት ተሰብስቦ በገመድ ያሰርዎትን ቀን አልረሳሁትም፤ እርስዎም እንዳልረሱት አውቃለሁ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ጨንቋቸው ነበር፤ ሕክምናው ሩቅ ነበር፤ መኪናም አልነበረም። ሶዶ ላይ የተደረገው ጥናትም ቤተሰብ የሚያስረው ሌላ አማራጭ ሲያጣ እንደሆነ ይናገራል። አሁን ግን አማራጭ አለ፤ ማሰር በምንም ምክንያት እንዳይደገም በእርስዎ ቃል ይጻፍ። በምትኩ ማን ይምጣ? እጅዎን ይዞ እስከ ጤና ጣቢያ ቢሄድ የማይቆጡት ማን ነው? መርፌ ቢያስፈልግ ይፈቅዳሉ? ቡታጅራ መተኛት ግድ ቢሆን ማን አብሮዎት ይደር?

ከሁሉ የሚከብደኝ ጥያቄ ግን ይህ ነው። ሕመሙ በሞቀ ጊዜ «ምንም አልሆንኩም፣ አትንኩኝ» ማለትዎ አይቀርም። በዚያ ሰዓት የትኛውን አባቴን ልስማ? ፊት ለፊቴ ቆሞ የሚቆጣውን ወይስ ዛሬ ረጋ ብሎ የሚጽፈውን? እኔም ወንድሜም ሐኪሙም በእርስዎ ፈንታ ይህን መመለስ አንችልም። በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ሕግ ታማሚ ደህና በሆነበት ጊዜ በምስክር ፊት የሚፈልገውንና የማይፈልገውን ሕክምና እንዲጽፍ ይፈቅዳል፤ ሐኪሙ ከተጻፈው ውጭ ካከመው ምክንያቱን በጽሑፍ ማስረዳት ግዴታው ነው። የእኛ ወረቀት ያን ያህል የሕግ ጉልበት ላይኖረው ይችላል። ነገር ግን የዕድሩ ዳኛ፣ የንስሐ አባትዎና ነርሱ ከፈረሙበት፣ ቡኢ ውስጥ እሱን የሚሽር ሰው አይገኝም ብዬ አምናለሁ።

የባንክ ደብተሩን ነገር በአጭሩ። ሕመሙ ሲሞቅ ማን እንዲይዘው እንደሚፈልጉ፣ ሲሻልዎም በስንት ቀን እንዲመልስልዎ ይናገሩ። መመለሱ ካልተጻፈ የያዘው ሰው እንደያዘው ይቀራል።

ለጥምቀት ስመጣ ባለ መስመር ደብተር ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ የሚያስቡትን በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ የማይስማሙበትንም ከዚህ ደብዳቤ ላይ በቀይ ያስምሩበት። ሦስት ቅጂ እናደርጋለን፤ አንዱ ከካርድዎ ጋር ጤና ጣቢያ፣ አንዱ ከእርስዎ ዘንድ ይቀመጣል። ሦስተኛውን ለማን እንደምንሰጥ አስበው ይቆዩኝ።

ልጅዎ