ሲምፕሎንን በተራው ባቡር

ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷ ትንሽ ይዟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል።

ለሰባኛ ዓመቴ ያሰብሽውን ስሰማ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከፓሪስ ቬኒስ በኦሪየንት ኤክስፕረስ፣ በዚያ በታወቀው የቅንጦት ባቡር! ዕድሜውን ድሬዳዋ ፉርጎ ሲጠግን ለኖረ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይሰጠዋል? ግን ተይው የኔ ልጅ።

ንቄው እንዳይመስልሽ። ባቡሩን በ1883 ያስጀመረው ናገልማከርስ የሚባል ቤልጂጋዊ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ)። ያኔ ሐዲዱ ኢስታንቡል ስላልደረሰ መንገደኛው ዳኑብን በጀልባ ይሻገርና ቫርና በሚባለው የቡልጋሪያ ወደብ ላይ መርከብ ይሳፈር ነበር። በ1977 ከፓሪስ ኢስታንቡል በቀጥታ የሚሄደው ባቡር ቀረ። በዚያው ዓመት ጄምስ ሸርውድ የሚባል ነጋዴ ሞንቴ ካርሎ ጨረታ ላይ ሁለት አሮጌ ፉርጎ ገዛ። ሌሎቹን ከየአገሩ ለቃቅሞ አሳደሳቸውና በ1982 እንደገና ሐዲድ ላይ አወጣቸው። እኔ ባርኔጣዬን የማነሳው ለአዳሾቹ ነው። የ1920ዎቹን ፉርጎ በዛሬ የደህንነት ሕግ ማስሮጥ ቀልድ አይደለም። የውስጡ ግድግዳ በቀለም የተሳለ ይመስልሻል፤ ቀርበሽ ስታዪው ግን አበባው ሁሉ እንጨት ውስጥ ተፈልፍሎ የገባ ሌላ እንጨት ነው። አንዱ የመመገቢያ ፉርጎ ደግሞ ረኔ ላሊክ የሚባለው ፈረንሳዊ የመስታወት ጥበበኛ የሠራቸው የመስታወት ጌጦች አሉት።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። በድሮዎቹ ክፍሎች ሻወር የለም። መታጠቢያው ቁምሳጥን ውስጥ ተሸሽጓል፤ ሽንት ቤቱ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው። እኔ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምነሳ እናትሽን ጠይቂ። አዲሶቹ ስዊቶች የራሳቸው ሻወር አላቸው፤ ዋጋቸውን ግን ባትነግሪኝ ይሻላል። በየፉርጎው የከሰል ምድጃ አለ፤ ማታ ሶፋውን አልጋ የሚያደርገው አስተናጋጅ እሱኑ እየቆሰቆሰ ነው ቤቱንና ውሃውን የሚያሞቀው። ጂንስም ክልክል ነው። ለአንድ ሌሊት፣ ለአንድ ሰው፣ በሺዎች የሚቆጠር ዩሮ!

ደግሞ እኔ ማየት የምፈልገው ከጣሊያን ስዊዘርላንድ በተራራ ሥር የሚያሻግረውን የሲምፕሎንን የባቡር ዋሻ ነው። በ1906 የተከፈተ፣ ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባቡሩ ጀርመንን ሳይረግጥ፣ በሚላኖና በቬኒስ አድርጎ ወደ ምሥራቅ ያለፈው በእሱ ነው። የዛሬው የቅንጦት ባቡር ሙሉ ስሙ «ቬኒስ ሲምፕሎን ኦሪየንት ኤክስፕረስ» ቢሆንም፣ ለብዙ ዓመታት የሄደው በኦስትሪያ በኩል፣ በአርልበርግና በብሬነር ነበር። ስሙ ሌላ መንገዱ ሌላ! ይሄንን ሳውቅ ብቻዬን ሳቅሁ።

አንቺ እዚያው ሚላኖ ነሽ። ዋሻው በተራው ባቡር በጥቂት ሰዓት ይደረሳል። ስለዚህ ስመጣ ከዋሻው ማዶ እስካለችው የስዊዘርላንድ ከተማ እስከ ብሪግ ትኬት ቁረጪልን፤ ሁለተኛ ማዕረግ ይበቃናል። ስትሬዛ አካባቢ የማጆሬ ሐይቅ በስተቀኝ ስለሆነ የቀኙን መስኮት ያዢልኝ። ከዋሻው በፊት ዶሞዶሶላ ላይ ወርደን ቡና እንጠጣለን፤ ሒሳቡን እኔ ነኝ የምከፍለው፣ አትከራከሪኝ። እናትሽ ለመንገድ ቆሎ እየቆላች ነው፤ ሱፍ ይግባበት ወይስ አይግባበት ብላ ጠይቃሻለችና መልሺላት።

አባትሽ