ዝንብ ስለሚበላው ተክል

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ከብርዱ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም።

ያን ቀን «ተክል ዝንብ ይበላል የምትዪኝ የምርሽን ነው?» እንዳልሽኝ ስልኩ ተቋረጠ። የምሬን ነው። ነገሩ በስልክ ስለማያልቅ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

እዚህ ካናዳ፣ ኒውፋውንድላንድ ውስጥ ከከተማ ትንሽ ወጣ ካልሽ ረግረግ ነው። ከሰሜን የሚወርደው የላብራዶር የባሕር ጅረት እጅግ ቀዝቃዛ ነው። በበጋ እንኳ ጭጋጉ ከባሕር ተነስቶ ኮረብታውን ይሸፍነዋል። በዚህ ብርድና እርጥበት የሞተ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፤ እየተደራረበ ይከማቻል እንጂ። ውሃው ደግሞ አሲድ ይበዛበታል። ስለዚህ ተክል ለማደግ የሚያስፈልገው፣ ሥሩ ከአፈር የሚስበው ናይትሮጅን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እነዚህ ተክሎች ከአፈር ያጡትን ከነፍሳት መውሰድ የለመዱት ለዚህ ነው። ሲሰሙት ያስፈራል እንጂ ጉልበታቸውን የሚያገኙት እንደ ማንኛውም ተክል ከፀሐይ ነው። ዝንቡ ማዳበሪያቸው ነው።

እኔ የምወዳት ፒቸር ፕላንት የምትባለውን ነው። ቅጠሏ ተጠቅልሎ ትንሽ ገንቦ መስሏል። ስፋግነም የሚሉት ውሃ ያዘለ ለስላሳ የረግረግ ተክል ላይ ጋደም ብላ፣ አፏን ወደ ሰማይ ከፍታ ዝናብ ታጠራቅማለች። ጎንበስ ብለሽ ስታዪያት አረንጓዴው ላይ የደም ሥር የመሰሉ ቀያይ መስመሮች ተዘርግተዋል። ከንፈሯ ላይ ጣፋጭ ነገር አለ። ከዚያ ወደ ውስጥ ሁሉም ወደ ታች ያዘነበሉ ጠጉሮች አሉ። በጣትሽ ወደ ታች ስትዳብሻቸው እሺ ይላሉ፤ ወደ ላይ ስትመልሺ ይቧጥጡሻል። ጉንዳን ጣፋጩን ብላ ትመጣና አዳልጧት ውሃው ውስጥ ትገባለች። አለቀላት። ግን ሁሉም አይያዙም፤ አብዛኞቹ ልሰው ልሰው በሰላም ይሄዳሉ።

ይበልጥ የገረመኝ ደግሞ ሌላው የሚሞትበት ውሃ ውስጥ የሚኖሩ መኖራቸው ነው። አንዲት ቢምቢ አለች፤ እንቁላሏን የምትጥለው እዚህች ተክል ውስጥ ብቻ ነው። እጮቿ እዚያው ያድጋሉ፤ የሰመጠው ነፍሳት ሲበሰብስ የሚፈሉትን ባክቴሪያዎች ይበላሉ። የበረዶው ወራት ሲመጣ ውሃው ይጋገራል። እጮቹም በረዶው ውስጥ እንደታሰሩ ከርመው ሲሞቅ መዋኘታቸውን ይቀጥላሉ! ይቺ ቢምቢ እዚህ ሰሜን ሰው አትነክስም። የምትነክሰው ሌላዋ ናት፤ እሷማ ቆዳዬን ጨርሳዋለች።

አበባዋ ጥቁር ቀይ ነው። ረጅም ዘንግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ከገንቦዎቹ ርቆ ይቆማል። የአገሬው ሰው ይኮራባታል። ኒውፋውንድላንድ ካናዳን የተቀላቀለችው በ1949 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የራሷ ገንዘብ ነበራት። ከ1938 ጀምሮ በወጣው አንድ ሳንቲሟ ላይ ይህችው ተክል ተቀርጻለች። በ1954 ደግሞ የክፍለ ሀገሩ አበባ ሆነች።

ሰንዲው የምትባል ሌላም አለች። ድንክ ስለሆነች ካላወቅሻት ረግጠሻት ታልፊያለሽ። ክብ ቅጠሏ ላይ ቀያይ ጠጉሮች አሉ፤ በእያንዳንዱ ጫፍ ጤዛ የመሰለ ሙጫ ተንጠልጥሏል። ትንኝ ስትነካው ትጣበቃለች። ከዚያ ሌሎቹ ጠጉሮች ቀስ እያሉ ወደ እሷ ይታጠፋሉ። ቻርልስ ዳርዊን በ1875 ስለነዚህ ተክሎች ሙሉ መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነው። ጥሬ ሥጋም ወተትም የመስታወት ስባሪም ቅጠሏ ላይ እያስቀመጠ ሞክሯታል። ለመስታወቱም ትታጠፋለች፤ ግን ቶሎ ትለቀዋለች። ሥጋውን አጥብቃ ትይዛለች። አንጎል የላትም እንግዲህ!

«አንዷን ነቅለሽ አምጪልኝ» ያልሽው ግን አይሆንም እማዬ። ከዱር መንቀል ነውር ነው፤ ብነቅላትም አትበረክትልሽም። የአትክልት አፈርና ማዳበሪያ ይገድላታል፤ የቧንቧ ውሃም ብዙ ጊዜ አይስማማትም። የምትፈልገው የዝናብ ውሃ ነው። በዓመት የተወሰነ ጊዜም ብርድ ላይ መተኛት አለባት።

በምትኩ ፎቶ አትሜ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። መነጽርሽን አድርገሽ እዪው። ሁለተኛው ላይ ከንፈሯ ጥግ ያለችው ጥቁር ነጥብ ጉንዳን ናት። ገብታ ቀርታ ይሁን አምልጣ እንዳትጠይቂኝ፤ ዝናብ መጣና ሮጥኩ።

ልጅሽ