የቤተሰብ ስፖርት ክለብ ለወላጅም ሰዓት ይመድብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የጋዜጣችሁ የስፖርት ገጽ አትሌቲክሱንና እግር ኳሱን በስፋት ይዘግባል። ሜዳ የሚወርደው ግን ለውድድር የሚዘጋጅ ሰው ብቻ አይደለምና ስለ ቤተሰብ ስፖርት ክለቦች አሠራር ጥቂት እንድጽፍ ፍቀዱልኝ። በአዲስ አበባ በአንድ እንዲህ ባለ ክለብ የመዝናኛና የአካል ብቃት ፕሮግራሞችን እመራለሁ።

የቤተሰብ አባልነት ማለት አባት፣ እናትና ልጆች በአንድ ክፍያ የሚገለገሉበት ነው። ይሁን እንጂ የብዙ ክለቦችን መርሐ ግብር ላስተዋለ ሰው ቤተሰቡ በሰዓት ተነጣጥሎ ይታየዋል። ልጆች ቅዳሜ ጠዋት ዋና ወይም ቅርጫት ኳስ ይማራሉ፤ የአዋቂዎች ኤሮቢክስ ደግሞ በሥራ ቀን ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይጀመራል። በዚያ ሰዓት ልጆቿን ቁርስ አብልታ ለትምህርት ቤት የምታዘጋጅ እናት በምን ተአምር ትገኛለች? ቅዳሜ ልጇን ይዛ ስትመጣ ደግሞ ለእርሷ የተመደበ ነገር ስለሌለ፣ ፎጣና ቦርሳ ታቅፋ አግዳሚ ወንበር ላይ ትጠብቃለች። አባትየውም ከመጣ በረንዳው ላይ ማኪያቶ ይዞ ይቀመጣል። በመዝገብ ላይ ያለው አባል መላው ቤተሰብ ሆኖ ሳለ የሚንቀሳቀሰው ልጁ ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንዲያደርጉ ይመክራል። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2022 ባጠናቀረው ዓለም አቀፍ መረጃ መሠረት በቂ እንቅስቃሴ የማያደርጉ ሴቶች 34 በመቶ፣ ወንዶች 29 በመቶ ናቸው። የልዩነቱ ምክንያት ከአገር አገር ሊለያይ ቢችልም፣ እኔ በክለብ ውስጥ ካየሁት ተነሥቼ ስናገር ትልቁ እንቅፋት የፍላጎት ማነስ ሳይሆን የሰዓት አለመመቸት ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ ልጆች በሚሠለጥኑበት በዚያው ሰዓት፣ በቅርብ በሚገኝ ሜዳ ለወላጆችና ለአያቶች የተለየ ክፍለ ጊዜ ይዘጋጅ። ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። ሰውነት ማሟሟቅ፣ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፣ በራስ ክብደት የሚሠሩ የጉልበት እንቅስቃሴዎች፣ ለአረጋውያን ደግሞ እንዳይወድቁ የሚረዳ የሚዛን ልምምድ ይበቃል። በመጨረሻም ሁሉም ተቀላቅለው ገመድ ዝላይ፣ ሱዚ ወይም መረብ ኳስ ቢጫወቱ መልካም ነው። (በሱዚ እናቶች ልጆቻቸውን አዘውትረው እንደሚያሸንፉ ስመሰክር ደስ እያለኝ ነው።) ያለ ወላጅ ገንዳ መግባት የማይችሉ ሕፃናትን በተመለከተ ግን ወላጁ ከአጠገባቸው መራቅ የለበትም። ዋና የሚያስተምረው አሰልጣኝም የነፍስ አድን ሠራተኛውን ሥራ ደርቦ መያዝ አይገባውም፤ አንዱን ልጅ እጁን ይዞ የሚያስተምር ሰው የቀሩትን በዓይኑ ሊጠብቅ አይችልም።

እንዲህ ያለ ድብልቅ ቡድን መምራት ሙዚቃ ከፍቶ ከመቁጠር ያለፈ ሙያ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በክረምት ቤተሰብ ለመጠየቅ ከውጭ አገር የሚመጡ ወገኖቻችን በቆላማ ከተማ የለመዱትን ፍጥነት በመጀመሪያው ቀን ለመድገም ሲሞክሩ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። በዐቢይ ጾም በሥራ ቀናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምሱ ለሚውሉ አባላት ማለዳ ከባድ ልምምድ ከመስጠት ይልቅ ወደ ምሽቱ ማሸጋገር ይሻላል፤ በረመዳንም ቀላል እንቅስቃሴ ከአፍጥር በኋላ ማዘጋጀት ይቻላል። የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት አባል ከመመዝገቡ በፊት ሐኪሙን እንዲያማክር መጠየቅም የመሪው ግዴታ ነው። በልምምድ ላይ የምጠቀምበት መለኪያ ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም፦ ሰውየው እየተንቀሳቀሰ ማውራት ከቻለ፣ ነገር ግን መዝፈን ካቃተው፣ በመካከለኛ መጠን እየሠራ ነው። አረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው ቀስ ማለት አለበት።

የክለብ አስተዳዳሪዎች ይህን ሲሰሙ ወዲያው የሚያነሡት የአሰልጣኝ ክፍያን ነው፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በአሁኑ ጊዜ ብዙ አሰልጣኞች የሚከፈላቸው በሰዓት ስለሆነ ከክለብ ክለብ ሲሯሯጡ ይውላሉ፤ መርሐ ግብር ለማቀድም ሆነ የአባላትን የጤና ሁኔታ ለማወቅ ጊዜ የላቸውም። በዩኒቨርሲቲዎቻችን በስፖርት ሳይንስ የተመረቁ ወጣቶች ሥራ እየፈለጉ ባሉበት አገር፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ያለው አንድ ቋሚ የፕሮግራም ኃላፊ መቅጠር አዲስ የአካል ብቃት ማሽን ከመግዛት ይቅደም እላለሁ። ማሽኑ ለፎቶ ያምራል፤ ከአግዳሚ ወንበሩ ላይ ማንንም አያስነሣም።

የክለቦች አመራር የሚመጣውን ዓመት መርሐ ግብር ከማጽደቁ በፊት ለአባላቱ አንድ አጭር መጠይቅ ይበትን፦ ልጅዎን በሚያመጡበት ሰዓት እርስዎ ምን መሥራት ይፈልጋሉ? መልሱን ያየ አመራር የቅዳሜ ጠዋቱን ሰሌዳ እንዳለ አያጸድቅም ብዬ አምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ ቤተሰብ ስፖርት ክለብ የፕሮግራም ኃላፊ፣ ከአዲስ አበባ