ከጋላፓጎስ መልስ፦ የእማዬና የእኔ ምስጋና

እማዬ ደህና ናት። ለደወላችሁ፣ በቤተ ክርስቲያን ስሟን ላስጠራችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከኢኳዶር የጋላፓጎስ ደሴቶች አንዷ ወደሆነችው ሄኖቬሳ ስንሻገር እማዬ ታማብን ያሳለፍነውን ሌሊት ሰምታችኋል፣ አልደግመውም። የመርከቡን ሐኪምና አብረውን ያነጉትን ሠራተኞች በሙሉ እናመሰግናለን።

አሁን ስለ ጀልባ ነጂው ላውራ። ከመርከቡ ወደ ደሴቶቹ የምታመላልሰውን ትንሽ ጀልባ እዚያ ፓንጋ ይሏታል። የእኛን ፓንጋ የሚነዳው ልጅ አማርኛ አያውቅም፣ እማዬም ስፓኒሽ አታውቅም። እሱ «ማሚታ» ይላታል፣ እሷ «ልጄ» ትለዋለች፤ ሌላ ነገር አላስፈለጋቸውም። ስትገባም ስትወጣም ክንዷን ይይዛል፣ እሷም ክንዱን። የረጠበ መዳፍ ያዳልጣል፣ ክንድ ለክንድ ሲያያዙ ግን አይላቀቅም።

ሄኖቬሳ ላይ ሰው ሁሉ የገደሉን ደረጃ ሲወጣ የእሷ ጉልበት እምቢ አለ። እሱ ፓንጋውን ገደሉ ሥር ይዞ አብሯት ቀረ። እኔን በእጁ ምልክት «ሂድ፣ ሂድ» ብሎ ሸኘኝ። እላይ እግራቸው ቀይ የሆነ ቡቢ የሚባሉ ወፎች ቁጥቋጦው ላይ ሰፍረዋል። ልቤ ግን ታች ነበር። ስመለስ ሁለቱም ድንጋዩ ላይ የተኛ የባሕር አንበሳ እያዩ ይስቃሉ። ጃኬቱ እሷ ትከሻ ላይ ነው። ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ስደርስ እንባ ይቀድመኛል።

ምግብ አብሳዩን ልረሳው ነበር! ረቡዕና ዓርብ ለብቻዋ የምስር ወጥ ሠራላት። እዚያ ሜኔስትራ ይሉታል። በርበሬ ይጎድለዋል ብላለች፣ ሳህኑን ግን ጨርሳዋለች።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት በሳንታ ክሩዝ ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ ካሌታ ቶርቱጋ ኔግራ ወደሚባል ቦታ ሄድን። እዚያ መሬት መርገጥ ክልክል ነው። ሁሉም ፓንጋ ላይ እንደተቀመጠ ነው የሚያየው። እማዬ ያን ቀን ከማንም አልጎደለባትም። ልጁ ከፊት አስቀመጣት፣ ሞተሩን አጥፍቶ በመቅዘፊያ ማንግሮቭ በሚሏቸው የባሕር ዳር ዛፎች መሃል አስገባን። ትንንሽ ሻርኮች ከሥራችን ያልፋሉ። የባሕር ዔሊ አጠገቧ ብቅ ብላ ስትተነፍስ እማዬ እልል ልትል ምንም አልቀራት፣ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ በቀጥታ ባልትራ አየር ማረፊያ። ግንባሩን ስማ መረቀችው፣ እሱም ጎንበስ ብሎ ተቀበለ።

ጋይዳችን ጋላፓጎስ በ1978 እ.ኤ.አ. ከስሜን ተራሮችና ከላሊበላ ጋር በመጀመሪያው የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ እንደገባ ሲነግረን የደባርቋ ልጅ እማዬ ደረቷን ነፋች። «ደባርቅ ና፣ ዋልያና ጭላዳ እኔ አሳይሃለሁ» ብላዋለች። ቀልድ መስሎታል።

የማቅለሽለሽ ኪኒን ያካፈላችሁን፣ ሻንጣ የተሸከማችሁልን፣ ስማችሁን ያልጠራሁ አትቀየሙኝ። ብዙ ናችሁ።

አብራችሁን የነበራችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጁ ሁሌም ሞተሩ ጋ ስለሆነ እኛ ጋ አንድም ፎቶው የለም። እናንተ ካላችሁ እባካችሁ ላኩልን። እማዬ በየቀኑ ትጠይቀኛለች።