የምስጋና መልእክት፦ እንጀራዬን ለይታችሁ ለጋገራችሁልኝ ሁሉ

በቅድሚያ እስከዚህች ቀን ላደረሰኝ ለልዑል እግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰው። ባለፈው ወር ለሴሊያክ ሕመሜ የተደረገልኝ የደም ምርመራ ከሁለት ዓመት በፊት ከልክ በላይ ከፍ ብሎ የነበረው የፀረ እንግዳ አካል መጠን ወደ ጤናማው ልክ መመለሱን አሳይቷል። ሐኪሜም ወረቀቱን ወደ እኔ እያዞሩ «ለዚህ መድኃኒት አልሰጠሁሽም፤ የበላሽው ነው ያዳነሽ» ብለውኛል። ያን የበላሁትን ያበሰላችሁልኝን፣ የፈጫችሁልኝን፣ ከእኔ ፊት ያነሣችሁልኝን ሁሉ በየቤታችሁ ዞሬ እጅ ነስቼ ማመስገን ሲገባኝ፣ የትምህርት ቤት ሥራና የልጆች ነገር ስላልፈቀደልኝ ይህችን መልእክት በትሕትና እንድትቀበሉኝ እለምናለሁ።

የደረሰብኝን አልተርክም። አብዛኞቻችሁ አይታችኋል፤ አንዳንዶቻችሁም ደግፋችሁኝ ደረጃ ወጥታችኋል። አንዴ ታይፎይድ፣ አንዴ ጨጓራ፣ አንዴ ጃርዲያ እየተባለ የዋጥኩትን ኪኒን፣ አልመለስ ያለውን የደም ማነስ፣ በመጨረሻም ሴሊያክ የሚለውን ስም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለ ሕመሙ ዛሬም ለሚጠይቁኝ በአጭሩ ለማስረዳት ያህል፣ በስንዴ፣ በገብስና በመሰሎቻቸው ውስጥ የሚገኘው ግሉተን የተባለው ፕሮቲን ወደ ሆድ ሲገባ የሰውነት መከላከያ የገዛ ራሱን ቀጭን አንጀት የሚያጠቃበት፣ ምግብ የሚመጥጡትን ጣት መሳይ ጥቃቅን ቅጥያዎችም የሚያከስምበት ሕመም ነው። በዓለም ላይ ከመቶ ሰዎች አንዱን ያህል እንደሚይዝ ይገመታል፤ እስከ ዛሬም ዕድሜ ልክ ከግሉተን ከመራቅ በቀር ሌላ ሕክምና አልተገኘለትም። የወተት ስኳርን የሚፈጨው ኢንዛይም የሚመረተው በእነዚያው ቅጥያዎች ጫፍ ላይ ስለሆነ እነሱ ሲጎዱ ብዙ ጊዜ ወተትም አብሮ ይከለከላል። አንጀታቸው ሲያገግም ወተት የሚመለስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን በሞከርኩ ቁጥር ስላልተስማማኝ ወተቱንም ቅቤውንም ትቻለሁ።

ለሐኪሜ የማቀርበው ምስጋና ከምንም በላይ ስለ አንዲት ምክራቸው ነው። ያየኝ ሰው ሁሉ «እስቲ ዳቦ ተይና ሞክሪው» በሚለኝ ጊዜ፣ ምርመራው ሳያልቅ ካቆምኩ የደሙም የአንጀት ናሙናውም ውጤት ሊያሳስት እንደሚችል በትዕግሥት አስረድተው፣ የሚያሳምመኝን ዳቦ ለተጨማሪ ሳምንታት እንድበላ አደረጉኝ። ያን ጊዜ በልቤ አማርሬያቸው ነበር። ይቅርታ ይደረግልኝ።

አሁን ወደ ዋናዋ ባለውለታዬ ልለፍ። ከግቢያችን በስተቀኝ ባለችው ቤት የሚኖሩት፣ ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» እያለ የሚጠራቸው እናት፣ «ስሜን ብትጽፊ ደጄን አትረግጪም» ስላሉኝ ስማቸውን አልጽፍም። ይህን የልጅ ልጃቸው እንደምታነብላቸው አውቃለሁ፤ አንዳንዱን ሲሰሙ «ምን ያስለፈልፋታል» እንደሚሉም አውቃለሁ።

ጤፍ ግሉተን የሌለው እህል መሆኑን ሐኪም ቤት ስሰማ ትልቅ እፎይታ ተሰምቶኝ ነበር። የፈረንጅ አገር ሕሙማን በውድ ዋጋ እያስመጡ የሚበሉት እህል በእኛ ጓዳ ተርፎ የሚኖር ነውና ምን ይቸግረኛል አልኩ። ቸገረኝ። ከሱቅ የሚገዛው እንጀራ ዋጋው እንዲቀንስ ከሩዝ፣ ከማሽላ፣ ከገብስ፣ አንዳንዴም ከስንዴ ስለሚደባለቅ ቤት ውስጥ መጋገር ጀመርኩ። ጤፉን ራሴ ከእህል በረንዳ ገዝቼ፣ ራሴ አስፈጭቼ ሦስት ወር በላሁ፤ ሦስት ወር ሙሉም ታመምኩ። ተስፋ ቆርጬ በተኛሁበት አንድ እሑድ እማማ ከቅዳሴ መልስ ሊጠይቁኝ መጡና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «እርሾው የማን ነው?»

እርሾው ከጎረቤት የመጣ ነበር፤ ያቺ ደግ ጎረቤት ደግሞ ለቤቷ የምትጋግረው የጤፍና የገብስ ቅልቅል ነው። «ወፍጮውስ?» አሉኝ። ከእኔ ጤፍ በፊት የሰው ስንዴ የተፈጨበት ነበር። «ምጣዱስ?» ለዓመታት አምባሻና የስንዴ ቂጣ ሲጋገርበት የኖረ የሸክላ ምጣድ። ከሐኪም ቤት የተሰጠኝ ወረቀት ላይ «ከንክኪ ተጠንቀቂ» የሚል መስመር ነበረበት፤ የመስመሩን ትርጉም ያስረዱኝ ግን ፊደል ያልቆጠሩት እማማ ናቸው።

በዚያው ሳምንት ከሾላ ገበያ አዲስ ምጣድና አዲስ አክንባሎ አስመጡ። ምጣዱን ያሟሹ ዕለት አጠገባቸው ነበርኩ። የጎመን ዘሩን ወቅጠው፣ ምጣዱ ሲግል በላዩ ላይ በትነው፣ ጢሱ ዓይናቸውን እያስነባቸው፣ ሸክላው እስኪጠቁርና እስኪለሰልስ ደጋግመው አሹት። አሮጌው ማሰሻ ዱቄት ነክቶታል ብለው ከነጠላቸው ጫፍ ላይ ቀደው አዲስ ማሰሻ አበጁ። እርሾውንም እንደ አዲስ አነሡት፦ የጤፍ ዱቄትና ውኃ ብቻ በጥብጠው ከደኑት፤ በየቀኑ ላዩ ላይ የጠለለውን እየደፉ፣ ጥቂት ዱቄት እየጨመሩ እስኪኮመጥጥ አምስት ቀን ጠበቁት። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን አላወጣም፤ ሁለተኛውም ድፍን ሆኖ ቀረ። በሦስተኛው አብሲቱን ጥለው፣ ሊጡ ኩፍ እስኪል ከአጠገቡ ሳይርቁ ጠብቀው ጋገሩና፣ የወጣውን እንጀራ ሰፌድ ላይ ወደ መስኮቱ አቅርበው ዓይኑን ሲመለከቱ የነበራቸው ፊት እስከ ዛሬ ከፊቴ አልጠፋም።

ወፍጮ ቤቱን ያሳመኑትም እሳቸው ናቸው። ባለወፍጮው በየአሥራ አምስት ቀኑ ማክሰኞ ንጋት ላይ፣ ማንም ሳይደርስ፣ ድንጋዩንና መውረጃውን ጠርጎ የእኛን ጤፍ ቀድሞ እንዲፈጭ፣ መጀመሪያ የሚወርደው ሁለት ኪሎ ዱቄትም ያለፈውን የስንዴ ብናኝ ይዞ ስለሚወጣ ለብቻው እንዲቀመጥ ተስማሙ። ያ ሁለት ኪሎ ወደ እማማ ቤት ይሄዳል፤ በምትኩ ከራሳቸው ጤፍ ሁለት ኪሎ ሰፍረው ለእኔ ይጨምሩልኛል። የጤፍ ዋጋ የት እንደደረሰ የማታውቁ የላችሁምና ስለዚህ ብዙ አልናገርም። ልክፈል ባልኩ ቁጥር የሚሰጡኝ መልስ «ዝም በይ» የሚል ነው። ባለወፍጮውንም እግረ መንገዴን ከልብ አመሰግናለሁ፤ በዚያ ብርድ አንድም ቀን አላረፈደብንም።

ከዚህ ሁሉ ግን አንዲት የፋሲካ ዕለት ትበልጥብኛለች። እኛ ሰውን በማብላት ፍቅራችንን የምንገልጥ፣ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «ትንሽ ምን ታደርግሻለች» የምንል ሰዎች ነን፤ እኔም ብሆን ከመታመሜ በፊት ስንቱን እንግዳ አስጨንቄ እንዳጎረስኩ ሳስበው አፍራለሁ። በዚያች ዕለት ቤቱ ሞልቶ ድፎው ተቆርሶ፣ የዶሮው ወጥ በቅቤ ከብዶ ቀርቦ ሳለ፣ በዕድሜም በክብርም የምናከብራቸው ዘመዳችን ጉርሻ ጠቅልለው ወደ እኔ ዘረጉ። እንቢ ብል ነውር ነው፤ ብቀበል ለሳምንት መተኛቴ ነው። እጃቸው በአየር ላይ ቆሞ እኔ ቃል አጥቼ ሳለ፣ እማማ ከወዲያኛው ጥግ ተነሥተው መጥተው «ይህቺስ የእኔ ናት» አሉና አፋቸውን ከፍተው ጎረሱት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ጉርሻውን የዘረጉትም ሳቁ፤ ማንም አልተቀየመም። ከዚያ ጓዳ ገብተው፣ ክዳኗ ላይ ቀይ ክር የታሰረባትን ትንሽ ሌማት ይዘው መጡና ፊቴ አኖሩልኝ። ውስጧ ያቺው የማክሰኞ ጤፍ እንጀራና በዘይት የተሠራ ዶሮ ወጥ ነበር፤ ከእኩለ ሌሊት ቅዳሴ እንደተመለሱ ሳይተኙ፣ በተለየ ድስትና በተለየ ጭልፋ የሠሩት።

እዚህ ላይ መጻፌን ለጥቂት ጊዜ ማቆም ነበረብኝ።

ወላጅ እናቴ በሕይወት ብትኖር ይህንኑ ታደርግልኝ ነበር እላለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ግን አታደርግልኝም። እማማ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ያቺ ቀይ ክር ዛሬ በእኛ ቤት በጨው ዕቃው፣ በበርበሬው፣ በሽሮው፣ በወንፊቱ ሁሉ ላይ ታስራ ትታያለች። የአምስት ዓመቷ ልጄ እንኳ ክር ያለበትን ዕቃ በዳቦ እጇ አትነካም።

ስለ ወተትና ቅቤ የተቸገርኩት ከተፈራው ያነሰ ነው። ለዚህ ውለታው የጾማችን ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት፣ ፍልሰታን፣ ነቢያትን የሚጾም ጓዳ ያለ ቅቤ ማጣፈጥን ከጥንት የተማረ ነውና፣ ሱፍ ፍትፍቱ፣ ተልባው፣ በሰሊጥ የተለወሰው ጎመን አላስራበኝም። እንደ እኔ ላሉ ግን አንድ ነገር ሳላስጠነቅቅ ባልፍ ደስ አይለኝም፤ «የጾም ነው» የተባለ ምግብ ሁሉ ከግሉተን የነጻ አይደለም፤ ሳንቡሳውም፣ ብስኩቱም፣ በሶውም የጾም ናቸው። የቅዱስ ቁርባንን ነገር በተመለከተ የንስሐ አባቴ የመከሩኝና ያጽናኑኝ በእኔና በእሳቸው መካከል ይቆይ፤ ያን ምሽት ግን በሰላም መተኛቴን ሊያውቁልኝ ይገባል።

አማቴ መጀመሪያ ላይ «ገብስ የጎዳው ሰው አላየሁም» ብለው ነበር። ያንኑ ወር ከወልቂጤ በአውቶቡስ ቡላና ቆጮ መላክ ጀመሩ፤ እስከ ዛሬም አላቋረጡም። ገንፎዬ የቡላ ሆኗል፤ ከድሮው የገብሱ የማይተናነስ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ አረጋግጥላቸዋለሁ። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜም በየመንገደኛው የሚልካቸው ነገሮች ስለሚደርሱኝ አመሰግነዋለሁ፤ እዚያ በየሐበሻ ሱቁ የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ገብስና የስንዴ ዱቄት እንደሚገባበት ከነገረኝ ወዲህ ግን የምታሳዝነኝ እኔ ራሴ መሆኔ ቀርቶ በዚያ ያሉ የእኔ ብጤዎች ሆነዋል። በሰፈራችን መድኃኒት ቤት የምትሠራው እኅት በየኪኒኑ ውስጥ የስንዴ ስታርች እንዳለና እንደሌለ ሳትሰለች ስለምትፈትሽልኝ ባለውለታዬ ናት። የባለቤቴን ነገር ቤታችን ስለሆነ ባጭሩ ልለፈው፤ ዳቦውን በር ላይ ቆሞ በልቶ፣ እጁንና ጢሙን ታጥቦ የሚገባ ባል ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

በቡና ቁርሳችሁ ላይ የገብሱን ቆሎ ትታችሁ ሽምብራና ፈንድሻ ያቀረባችሁ የትምህርት ቤት ባልደረቦቼ፣ በየኀዘኑ ቤት የበቆሎና የባቄላ ንፍሮ ለይታችሁ የቀቀላችሁልኝ የእድራችን እናቶች፣ ለዝክር ስመጣ ጠላውን ስላልቀመስኩ ያልተቀየማችሁኝ የማኅበሬ ሰዎች፣ በየጸሎታችሁና በየዱዓችሁ ያሰባችሁኝ ጎረቤቶቼ ሁሉ፣ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ።

ስማችሁን ሳልጠቅስ ያለፍኳችሁ እንዳላችሁ ይሰማኛል። አንዳችሁ ሆስፒታል ወረፋ ይዛችሁልኛል፤ አንዳችሁ ልጆቼን ከትምህርት ቤት መልሳችሁልኛል፤ በዚያ ሰዓት ማን እንደነበራችሁ እንኳ ለማስተዋል የማልችልበት ሁኔታ ላይ ነበርኩ። የዘነጋሁት ጭንቅላቴ ነውና ይቅር በሉኝ። ለቁራሽ ዳቦ እየለመናችሁ አሻፈረኝ ያልኳችሁም ስድብ እንዳልነበረ ዛሬ ተረድታችሁልኛል ብዬ አምናለሁ።

እማማ፣ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ባለፈው ሳምንት ያ ምጣድ ከጠርዙ መሰንጠቁን የልጅ ልጅዎ ነግራኛለች፤ እርስዎ ደብቀውኛል። ቅዳሜ ከሾላ አዲሱን ይዤ እመጣለሁ። የጎመን ዘሩን እኔ እወቅጣለሁ፤ ማሰሻውንም ከራሴ ነጠላ ቀድጄ አዘጋጅቻለሁ። እርስዎ በርጩማዎ ላይ ተቀምጠው ብቻ ይዘዙኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ልጃችሁና ጎረቤታችሁ
አዲስ አበባ