ተከራይ መኪናውን የት ይሰካ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ ክርክሩ ሁሉ ባትሪው ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል፣ የሚጠግነውስ ባለሙያ አለ ወይ የሚል ነው። እኔ አዳማ የምኖር የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና እነዳለሁ። የራሱ ግቢ የሌለው ሰው የት ይሰካ የሚለውን ግን ሲያነሳ የሰማሁት የለም።

ርቀቱ እንኳ አያሳስበኝም። አዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሄድ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ስለምወጣ ባትሪው ቶሎ ይወርዳል፤ ይህን ያልነገሩት አዲስ ነጂ ቢሾፍቱ ሲደርስ ይደነግጣል። ስመለስ ግን ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ የተወሰነውን ይመልስልኛል።

ጭንቁ ያለው ቤት ነው። በተከራየሁበት ግቢ ያለነው አራት አባወራ ነን፤ ቆጣሪው አንድ። መኪናዬ በተራ ሶኬት፣ በ220 ቮልትና በ10 አምፔር ሲሰካ 2.2 ኪሎዋት ይስባል። የእንጀራ ምጣድ ከዚህ ይበልጣል፤ ነገር ግን ምጣዱ ጋግሮ ይነቀላል፣ የኔው ሲስብ ያድራል። 8 ሰዓት ቢሰካ 17 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስገባል፤ ከተማ ውስጥ ለሚዞር ሰው ይተርፋል። አከራዬ ምጣድ ሲጥዱ «ልጄ፣ ያንን ነገር ንቀለው!» ይሉኛል። ካልነቀልኩ ብሬከሩ ይወርዳል፣ እንጀራውም ሳይበስል ይቀራል።

ይህስ በመነጋገር ያልፋል። ከባዱ ታሪፉ ነው። ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ስለሚጨምር፣ የኔ መኪና የጎረቤቶቼን አምፖልና ምድጃ ጭምር አስወደደባቸው። በራሴ ወጪ ንዑስ ቆጣሪ አስገባሁ። እሱ ግን የተጠቀምኩትን ይነግረናል እንጂ የግቢውን የታሪፍ እርከን አያወርድም። ሒሳብ እንጀራዬ ሆኖ ሳለ አራታችንንም የሚያስማማ ድልድል አላገኘሁም።

ሃይብሪድ፣ ማለትም ቤንዚንና ባትሪ አጣምሮ የሚሄድ መኪና፣ ይሻልሃል የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ወደ አርሲና ባሌ ለሚመላለስ ሰው እስማማለሁ። ከተማ ለሚውል ግን፣ የማይሰካው ሃይብሪድ ጉልበቱን ሁሉ የሚያገኘው ከቤንዚን ነው፤ የሚጠጣው ቢያንስም ከማደያ ሰልፍ አያወጣም።

ከከተማችን ዳር ያሉት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በድምሩ 204 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። በነሱ ሥር እየኖርን በአንድ ሶኬት መጨቃጨቃችን ይገርመኛል።

በየመንገዱ ፈጣን ቻርጀር ይተከል አላልኩም፤ ለሱ ነጋዴ አይጠፋም። የኪራይ ውልና የአከራይ ፈቃድ ይዞ ለቀረበ ተከራይ በስሙ ለመኪና የሚሆን ሁለተኛ ቆጣሪ ይፈቀድለት፤ ወጪውን እንችላለን። ለኮንዶሚኒየም ነዋሪም ከየብሎኩ መኪና ማቆሚያ የተለየ መስመር ይዘርጋ። አሁን ከፎቅ በመስኮት የኤክስቴንሽን ገመድ የሚያወርዱ አሉ፤ ክረምት እየገባ ነውና ይህኛው ቢቀድም እመርጣለሁ።

አንድ ተከራይ፣ ከአዳማ